ወለንጪቲ የደረሰው ካርቶን

ከአዳማ ተነስቶ ወደ መተሐራ የሚወርድ ሰው ወለንጪቲን ሳያይ አያልፍም። መንገዱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሚኒባሱ ውስጥ በቅጡ ተመቻችተው ሳይቀመጡ ይደረሳል። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች የሚያልፉባት፣ የድሮው የምድር ባቡር ሀዲድ ያቋረጣት፣ የቦሰት ገበሬ ጤፉንና ቦሎቄውን ይዞ የሚገባባት ከተማ ናት። እኛ አዳማ ያደግን ልጆች ስለ ወለንጪቲ የማናውቀው ነገር ያለ አይመስለንም ነበር። ነገር ግን ስሟ አሜሪካ ድረስ ሄዶ በትልልቅ የቴክኖሎጂ ሰዎች መድረክ ላይ እንደተነሳ የሰማነው ነገሩ ካለፈ ከዓመታት በኋላ፣ ያውም ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። የጎረቤትን ወሬ ከባሕር ማዶ መስማት ትንሽ አያሳፍርም? እኛስ አፈርን። ስለዚህ እስቲ ታሪኩን በራሳችን ቋንቋ እናውጋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። “አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ” የተባለውን ድርጅት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቋቋመው፣ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላቸውን ትንንሽ ላፕቶፖች ለድሃ አገር ልጆች ሲያድል የነበረው ነው። ወደ አገራችንም በሺዎች የሚቆጠሩ ገብተው ነበር። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 (በእኛ 2004 ዓ.ም.) አዲስ ሙከራ ጀመረ። ለሙከራው ሁለት መንደሮች ተመረጡ። አንዱ ከፍ ያለው ወንጪ ላይ ነው፤ ሌላው እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በወለንጪቲ ስም የተመዘገበ መንደር ነው። በየመንደሩ ለአንደኛ ክፍል የደረሱ፣ ግን ትምህርት ቤት ያልገቡ 20 ያህል ልጆች ነበሩ።

ለልጆቹ ሞቶሮላ ዙም የሚባል ታብሌት በታሸገ ካርቶን ተሰጣቸው። አስተማሪ የለም፤ መመሪያ የለም። አዋቂዎቹ የተማሩት ታብሌቱን በፀሐይ ኃይል እንዴት ቻርጅ እንደሚያደርጉ ብቻ ነው። ታብሌቱ ውስጥ የፊደል ጨዋታ፣ ዘፈን፣ ፊልምና መጽሐፍ ተጭኗል። በሳምንት አንዴ አንድ ባለሙያ እየመጣ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይርና አሮጌውን ይዞ ይሄዳል፤ ልጆቹ ምን እንደነኩ፣ ስንት ጊዜ እንደነኩ ተመራማሪዎቹ ከካርዱ ላይ ያነባሉ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኔግሮፖንቴ ኤምአይቲ ባዘጋጀው ጉባኤ ላይ ውጤቱን ተናገረ። እንደ እሱ አባባል ካርቶኑ በተሰጠ በ4 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ከፍቶ፣ ማብሪያውን ፈልጎ አበራው። በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራም ይከፍት ጀመር። በ2 ሳምንት ኤቢሲ እየዘፈኑ መንደሩን አዞሩት። በ5 ወር ደግሞ፣ አንድ ሰው በስህተት የዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት፤ እንዳይነካ የተቆለፈውን የስክሪን ገጽታም ቆልፉን አልፈው እያንዳንዳቸው በየፊናቸው አሳመሩት። ከልጆቹ አንዱ ደግሞ የእንስሳት ሥዕል ሲያይ ከርሞ፣ የሥዕል ፕሮግራሙን ከፍቶ በእንግሊዝኛ “ላየን” ብሎ ጻፈ። አንበሳ ማለቱ ነው።

እውነቱን እንናገር፤ ይህን ስናነብ መጀመሪያ ኮራን። ለዘመናት “የገጠር ልጅ ቴክኖሎጂ ይፈራል” ሲባል ሰምተናል። ይኸው! እኛ ስልካችን ሲዘጋብን ወደ ጥገና ቤት እንሮጣለን፤ እነሱ ያለ አስተማሪ አንድሮይድን አንበረከኩት። ስለ ልጆቹ አቅም ከዚህ በኋላ ክርክር አያስፈልግም።

ሁለተኛ ስናነበው ግን ያቺ “ላየን” የምትለው ቃል ጉሮሯችን ላይ ቆመች። በዚያ ልጅ ቤት እናቱ አንበሳን የምትጠራው “ሌንጫ” ብላ ነው። ልጁ በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነችውን ቃል ሲጽፍ የጻፈው እናቱ የማታውቀውን ቃል ነው። አንብቦ ቢያሰማት “ጎሽ ልጄ” ከማለት በቀር አብራው የምትስቅበት፣ የምታርመው ነገር የለም።

“ታዲያ እንግሊዝኛ ቢማር ምን ይጎዳል?” የሚል አይጠፋም። እንግሊዝኛ አይጎዳም። ግን ይህን አስቡት። በአካባቢያችን አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የሚጠብቀው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጻፈውም በቁቤ ነው። ቁቤ የላቲን ፊደል ይጠቀማል እንጂ ድምፁ የእንግሊዝኛ አይደለም። በእንግሊዝኛ “ሲ” የምንላት ፊደል በቁቤ “ጨ” ናት፤ ሌንጫ ሲጻፍ የምትገባውም እሷ ናት። “ኤክስ” የምንላት “ጠ” ናት። “ኪው” ደግሞ “ቀ” ናት። ኤቢሲ እየዘፈነ መንደሩን ያዞረው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ መልኳን የለመዳት ፊደል በሌላ ድምፅ ትጠብቀዋለች። በዜማ ያጠናውን አፍርሶ እንደገና መጀመር ሊኖርበት ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ከወለንጪቲ አንድ የአንደኛ ክፍል መምህር ጠርቶ ሻይ መጋበዝ ይበቃ ነበር።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተካሄደው የንባብ ምዘና እንዳሳየው፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት በሚማሩበት ቋንቋ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ልብ በሉ፤ እነዚህ ትምህርት ቤት ገብተው፣ መምህር ፊት ተቀምጠው የዋሉ ልጆች ናቸው። ያላነበበ ልጅ 5ኛ ክፍል ሳይንስን፣ 8ኛ ክፍል ታሪክን ከየት አምጥቶ ይማራል? የወለንጪቲው ሙከራ የተነሳበት ጥያቄ ትክክለኛ ነበር። ያነሰው መልሱ ነው።

መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ የታየው ደግሞ በእኛ አገር ብቻ አይደለም። ፔሩ እነዚያኑ ላፕቶፖች በብዛት ያደለች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ከ300 በላይ የገጠር ትምህርት ቤቶችን አይቶ፣ ላፕቶፑ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ ስለማምጣቱ ማስረጃ አላገኘም።

አሁን ታሪኩ ወደ ታንዛኒያ ይሄዳል። የኢትዮጵያውን ሙከራ ይመራ የነበረው ማት ኬለር በኋላ “ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ” የተባለውን የ15 ሚሊዮን ዶላር ውድድር መራ። የውድድሩ ሐሳብ ወለንጪቲ ላይ ከታየው ጋር አንድ ነው፤ ትምህርት ቤት በሌለበት ልጆች በታብሌት ማንበብ ይማሩ። ልዩነቱ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ሥራቸውን በስዋሂሊ ማቅረብ የነበረባቸው መሆኑ ነው። በታንጋ ክልል መንደሮች 15 ወር ያህል ተሞከረ። ከሙከራው በፊት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ልጆች አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ በመጨረሻ ይህ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 “ዋንቢሊዮን” እና “ኪትኪት ስኩል” አሸናፊነቱን ተካፈሉ።

አያችሁ? ልጁ በቋንቋው ሲጠየቅ መልስ አለው። ግማሾቹ ግን አሁንም አላነበቡም፤ ስለዚህ ሰው አያስፈልግም የሚል ካለ ይህን ቁጥር ደግሞ ይመልከት። ለእኛ ዋናው ቁጭት ግን ሌላ ነው። ዘሩ የተሞከረው ወንጪና ወለንጪቲ ላይ ነበር፤ አዝመራው የታጨደው ታንጋ ላይ ነው።

የውጭውን ሰው መውቀስ ቀላል ነው። እኛ አንወቅሰውም። ቢያንስ ካርቶን ተሸክሞ መጥቷል። እኛስ የት ነበርን? 25 ኪሎ ሜትር ላይ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ተቀምጠን ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ያልነበረው ነገር ሶፍትዌሩን ከሠሩት ሰዎች አቅም በላይ ነበር፤ ከእኛ አቅም በላይ ግን አልነበረም። ቋንቋው በአፋችን ነው። ተረቱን ከአያቶቻችን ሰምተነዋል።

ይህ የሚሆን ነገር መሆኑን ያሳየን በአገራችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረውን 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ተመልከቱ። ገበሬው ስማርት ስልክ አያስፈልገውም፤ ማንበብም አይጠበቅበትም። ደውሎ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ስለ እርሻ ምክር ይሰማል። ስልኩ ተራ ነው፤ ትልቁ ነገር አንድ ሰው ተቀምጦ “ይህ ገበሬ የሚሰማው በምን ቋንቋ ነው?” ብሎ መጠየቁ ነው።

እንግዲህ “ቴክኖሎጂ ለማኅበረሰብ ጥቅም” ሲባል ስብሰባ፣ ቲሸርትና የቡና ዕረፍት ብቻ ለሚታያችሁ ወዳጆቻችን፣ ለአንድ ቅዳሜ የሚሆን ሥራ እንጠቁማችሁ።

አንደኛ፣ ተረት ተርጉሙ። “አፍሪካን ስቶሪቡክ” እና “ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ” የሚባሉት ነጻ የልጆች ቤተ መጻሕፍት አማርኛም አፋን ኦሮሞም አላቸው። መጽሐፎቹ ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይነበባሉ። አንድ የልጆች መጽሐፍ አሥርና አሥራ አምስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከአንድ ማኪያቶ ጋር ያልቃል። ድምፃችሁንም ቅዱበት። መጻፍ የማይችሉት እናቶቻችን ደግሞ ከማናችንም የተሻሉ ተራኪዎች ናቸው፤ እነሱን ቅዱ።

ሁለተኛ፣ ኮድ የተማራችሁ ኮዱን አውሉት። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. “5 ሚሊዮን ኮደርስ”ን ሲጀምር ብዙዎቻችን ተመዝግበናል፤ ሰርተፍኬቱንም ፌስቡክ ላይ ለጥፈናል። መልካም። የታንዛኒያው ውድድር ፍጻሜ የደረሱት ሶፍትዌሮች ኮዳቸው ለማንም ሰው በነጻ ተለቋል። ዘሩ ተመልሶ ወደ እኛ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። “ሲ”ን ትቶ “ጨ” የሚል የቁቤ ጨዋታ ለመሥራት አምስት ጓደኛሞችና አንድ መምህር ይበቃሉ።

ሦስተኛ፣ ነገ ሌላ ካርቶን ይዞ የሚመጣ ሰው ሲኖር ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው። በማን ቋንቋ ነው? እናንተ ስትሄዱ ከልጁ ጎን ማን ይቀመጣል? ከልጆቻችን የሰበሰባችሁት መረጃ ተመልሶ ለማን ይነገራል? ሦስተኛውን አቅልላችሁ እንዳታዩት። ካርዱ በየሳምንቱ ከመንደሩ ወጥቷል፤ እኛ ጎረቤቶቹ ግን ውጤቱን የሰማነው በሰው አገር ቋንቋ ነው።

ያ “ላየን” ብሎ የጻፈው ልጅ ዛሬ ሃያ ዓመት ሊደፍን የተቃረበ ጎረምሳ ነው። ምናልባት ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ሊሆን ይችላል። ከሆነ ወንድማችን፣ ይቅርታ፤ ዘግይተናል። ታናሽ እህትህ ግን ገና ፊደል እየቆጠረች ይሆናል፤ ለእሷ እንድረስላት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ? ድሩ በእጃችን፣ በየኪሳችን አለ። እኛ ያማረን ማሰር አይደለም፤ አንድ ልጅ ወለንጪቲ ላይ “ሌንጫ” ብላ ስትጽፍ፣ እናቷም አይታ ስትስቅ ማየት ነው።

ቸር ያሰማን።