የዕቁብ ገንዘብና በር የሚያህለው ቫዮሊን



አውሮራ የሚኖር ታክሲ ነጂ ወዳጄ ሰሞኑን ደወለልኝ። «ዕቁብ ደርሶኛል፤ 3,500 ዶላር። የእናቴን ቤት ጣሪያ ላስቀይርበት ነበር። አሁን ልጄ በር የሚያህል ቫዮሊን ካልገዛህልኝ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?» አለኝ።

በር የሚያህለው ቫዮሊን ደብል ባስ ነው። ባስ ክራር ለእኛ ዘፈን የሚሠራውን እሱ ለኦርኬስትራና ለጃዝ ይሠራል፤ ከሥር ሆኖ ሌላውን ይሸከማል። ልጅቷ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤቷ ባስ ተምራለች። የትምህርት ቤቱ ባስ ግን ቤት አይመጣም፤ ለኮሌጅ የሙዚቃ ፈተና ደግሞ ቤት ሳይለማመዱ አይቀረብም።

እኔ ባስ አልጫወትም። የጋዜጠኝነት አመል አይለቅምና ግን ዴንቨር ውስጥ ባስ የሚጫወቱትንና የሚጠግኑትን እየዞርኩ ጠየቅሁ። ባስ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁለመናው ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ፊቱ ከስፕሩስ እንጨት ተፈልፍሎ፣ ጀርባው ኮምፔንሳቶ የሆነው ግማሽ በግማሽ ነው። ሦስተኛው ሁለመናው የተፈለፈለ ነው። ድምፁ ያምራል፣ ዋጋው ግን ከወዳጄ ዕቁብ በላይ ነው። እሱን በብድር መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

ኮምፔንሳቶ ሲባል ፊታችሁን አታጨማድዱ። ዴንቨር አንድ ማይል ከፍ ብላለች ይሉናል፤ አዲስ አበባ ግን ትበልጣታለች። ባሱን የሚጎዳው ከፍታው ሳይሆን ድርቀቱ ነው። በክረምት ማሞቂያው ሲለኮስ የቤቱ አየር ይደርቅና የተፈለፈለ እንጨት ይሸበሸባል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ኮምፔንሳቶ ግን ስስ እንጨቶች ተሰባጥረው የተጣበቁበት ስለሆነ ይችለዋል። የተፈለፈለ ፊት ያለውን የገዛ ሰው የክፍሉን እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ማቆየት አለበት። አየር ማርጠቢያ ማሽን ይግዛ።

ትልቁ ስህተት ገንዘቡን በሙሉ ባሱ ላይ ማፍሰስ ነው። አዲስ ባስ ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ለጨዋታ ዝግጁ አይደለም። ጅማቶቹን የሚሸከመው ድልድይ ይስተካከላል፤ ሆዱ ውስጥ ያለችው ቋሚ እንጨት በቦታዋ ትቆማለች፤ ጅማቶቹም በተሻሉ ይለወጣሉ። ይህ ካልተደረገ የልጅ ጣት ይቆስላል፣ ልጁም «አልቻልኩም» ብሎ ይተወዋል። እንግዲህ ለወዳጄ ያወጣሁለት ሂሳብ ይኸው፦ ለባሱ 2,600፣ ለማስተካከያና ለጅማት 400፣ ለመምቻው ቀስት 300፣ ለማንገቻ ቦርሳ 200። በ2,600 ደህና አዲስ ኮምፔንሳቶ ይገኛል። ያገለገለ ግማሽ በግማሽ ከተገኘ በቀስት ለሚጫወት ይበልጥ ይስማማል።

ሱቅ ስትገቡ መጠኑ «ሦስት አራተኛ» ቢባል የልጅ ነው አትበሉ፤ አብዛኛው አዋቂ የሚጫወተው እሱን ነው። ጣት የሚያርፍበት ጥቁር እንጨት ዞጲ ነው ወይስ ቀለም የተቀባ ተራ እንጨት? ጠይቁ። ጠርዙን በጣት እያንኳኳችሁ ዙሩት፤ ድምፁ የሚንኮሻኮሽበት ቦታ ካለ ሙጫው ለቋል ማለት ነው። መምህሩ ወይም የሚያውቅ ሰው አራቱንም ጅማት ከላይ እስከ ታች ይሞክር። በሳጥን ታሽጎ በፖስታ የሚመጣውን ርካሽ ባስ ሳይሞክሩ መግዛት ግን፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

የወዳጄ ባለቤት ሌላ ጥያቄ አላት። «ለመሆኑ የኛን ቀለም ማን ኦርኬስትራ ውስጥ ያስገባል?» ትላለች። መልሱ እዚሁ ዴንቨር ነው። ጥቁሩ ባሲስት ቻርልስ በሬል እ.ኤ.አ. በ1949 የዴንቨር ሲምፎኒ አባል ሆነ፤ በ1959 ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮ ሲምፎኒ የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነ። ኋላም ወደ ዴንቨር ተመልሶ ለረጅም ዘመን ሠራ። ፋይቭ ፖይንትስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈርም ጃዝ ይጫወት ነበር። በ2025 በ104 ዓመቱ አረፈ። እሱ ሲገባ በሩ እንደዛሬው አልተከፈተም ነበር።

የጣሪያውስ ነገር? ለወዳጄ ያልኩትን ለእናንተም ልድገም። የእናትህ ቤት የሚያፈስ ከሆነ ጣሪያው ይቅደም፤ ለልጅህ ባሱን በወር ተከራይላት። ከኪራዩ ከፊሉን በግዢው ዋጋ ላይ የሚያስቡ ሱቆች አሉና ውል ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ። ጣሪያው አንድ ክረምት የሚችል ከሆነ ግን ግዛላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያስገድዳት የተማረች ልጅ ናት።