የሰርቨር ቸርነት የሚጠቅመው ሌባን ነው

በአሃዝ 5,000፣ በፊደል «ሃምሳ ሺህ ብር» የሚል ቼክ ይዛችሁ ባንክ ብትሄዱ ገንዘብ ከፋዩ «ይህን ለማለት ፈልጎ ይሆናል» ብሎ አይገምትም። ይመልሰዋል። ጨካኝ ነው የሚለውም የለም። ድረ ገጾችን የሚያስተናግዱ ሰርቨሮች ግን ሲገምቱ ኖረዋል፤ ግምታቸውም «ለተጠቃሚ ማሰብ» ተብሎ ይሞገሳል።

የሐሳቡ ባለቤት ጆን ፖስቴል ነው። ስትልክ ጥንቁቅ፣ ስትቀበል ቸር ሁን የሚለውን መርህ በ1980 እ.ኤ.አ. ጻፈው። ያኔ ኔትወርኩ በአብዛኛው የተመራማሪዎች መንደር ነበርና አልተሳሳተም። ዛሬ ግን መንደሩ ውስጥ ሌባም ይኖራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቅ ድረ ገጽ ፊት ለፊት የሚቀበል ሰርቨር እና ከኋላ ሥራውን የሚሠራ ሰርቨር አለው። የብዙ ሰው ጥያቄ በአንድ መስመር ተከታትሎ ወደ ኋላ ያልፋል፤ አንዱ የት እንደሚያበቃ የሚታወቀው ራሱ በሚናገረው ርዝመት ነው። ኤችቲቲፒ ደግሞ ርዝመት የሚናገርበት ሁለት መንገድ አለው፦ ኮንቴንት ሌንግዝ እና ትራንስፈር ኢንኮዲንግ። ሌባው ሁለቱን እርስ በርስ አጣልቶ ይልካል። የፊተኛው ሰርቨር አንዱን ያምናል፣ የኋለኛው ሌላውን። የተረፈችው ቁራጭ ቀጥሎ በሚመጣው ሰው ጥያቄ ግንባር ላይ ትለጠፋለች። ምንም ያላጠፋው ሰው የይለፍ ቃሉን ለሌባ ሊያስረክብ ይችላል።

ይህ በ2005 ተጽፎ ነበር፤ ብዙም ሰሚ አላገኘም። በ2019 ጄምስ ኬትል የተባለ ተመራማሪ የፔይፓል መግቢያ ገጽ ሳይቀር በዚህ መንገድ እንደሚጠቃ አሳየ።

«ጥብቅ ከሆንን አሮጌ መሣሪያ የያዘ ደንበኛ ይቀርብናል» ይሉናል። እውነት ነው፣ ጥቂቱ ይቀራል። ነገር ግን የተመለሰ ጥያቄ ይታያል፤ 400 የሚል ስህተት ይመዘገባል፣ ባለሙያ ያስተካክለዋል። በግምት ያለፈ ጥያቄ ግን ድምፅ የለውም። ጉዳቱ የሚታወቀው ገንዘብ ከጠፋ በኋላ ነው።

በ2022 የወጣው አርኤፍሲ 9112 እንኳ ሁለት ርዝመት የያዘን ጥያቄ እንደ ስህተት ሊታይ ይገባል ካለ በኋላ፣ ውድቅ ማድረጉን ለሰርቨሩ ምርጫ ተወው። ካስተናገደ መስመሩን ይዝጋ ብሎ አዟል። ይህ ግማሽ መንገድ ነው።

ለመሥሪያ ቤታችሁ ሲስተም የምታሠሩ ሁሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሁለት ርዝመት የያዘ መልእክት ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱ «እንመልሰዋለን» ካልሆነ፣ እናንተም ውሉን መልሱት።