«ኦሪጅናል ነው» እያልን የጎረቤታችንን ሞተር አንግዛ!



በቅርቡ አንድ ጡረተኛ አባታችን በጠዋት ተነሥተው ቮልሳቸውን ሊያስነሡ ቁልፍ ቢያዞሩ ሞተሩ እምቢ አላቸው። የኋላውን ክዳን ከፍተው ቢያዩ ካርቡራተሩ የለም። ብሎኖቹ አንድ በአንድ በወጉ ተፈትተው፣ ዕቃው በሌሊት ሄዷል።

ሌባውን ሁላችንም ረግመናል። ግን እስቲ እንጠያየቅ፤ ሌባ ካርቡራተር ይበላል እንዴ? የሚሰርቀው ገዢ ስላለ ነው። ገዢው ደግሞ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር አይደለም። እንደኛው ቮልስ የሚነዳ፣ እንደኛው «ኦሪጅናል ዕቃ እኮ ጠፋ!» እያለ የሚያማርር ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ የምንወቅሰው ራሳችንን ነው።

«ምን እናድርግ፣ ቮልስ መሠራት ካቆመች ስንት ዘመኗ!» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች መኪና ናት፤ ብዙው መለዋወጫዋ ዛሬም በአዲስ እየተሠራ በዓለም ገበያ ይሸጣል። «ከሌሊት ነጋዴ ካልሆነ አይገኝም» ማለት ተራ ሰበብ ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ዕቃ ጨርሶ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። መኪናዋ ስትንተፋተፍና ጭስ ስታበዛ ወዲያው «ካርቡራተሩ ሞቷል» ይባላል። ማን መርምሮ? አንዳንዱ መካኒክ ክዳኑን እንደከፈተ ካቻቢቴውን የሚሰነቅረው ካርቡራተሩ ላይ ነው። ይህ ከጭራ መጀመር ነው!

የቮልስ ሞተር የሚስተካከለው በተራ ነው። መጀመሪያ፣ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ፣ የቫልቭ ክፍተት ይለካል፤ በአብዛኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊሜትር ነው። ቀጥሎ የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ይደረጋል። ከዚያ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ይስተካከላል። ካርቡራተር የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ ያውም ሞተሩ ሞቆ። ከላይ ያሉት ሳይያዙ የካርቡራተር ብሎን ማዞር የአንዱን ጥፋት በሌላው መሸፈን ነው።

ካርቡራተሩ በርግጥ አርጅቶ ከሆነስ? ብዙ ጊዜ የሚበላው የቤንዚን ፔዳሉ የሚያዞረው ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። በዚያ አየር እየገባ ሞተሩ ሚኒሞ አልይዝ ይላል። ይህን ቶርኖ ቤት ወስዶ በነሐስ ቦኮላ ማስጠገን ይቻላል። ኦሪጅናሉ እኮ በእጃችሁ ነው ያለው!

ደግሞም ኦሪጅናል የሆነ ሁሉ እዚህ ይስማማል ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ለቆላ አገር የተለካ ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል። የተሰረቀውን ገዝታችሁ ብትገጥሙትም ያው ይጠቁራል። መድኃኒቱ የካንዴላውን መልክ እያዩ አንድ ደረጃ ጠበብ ያለ ጂግለር መሞከር ነው። ላዩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ይናገራል።

መግዛት የግድ ከሆነም አውቃችሁ ግዙ። ከዲናሞው መቀመጫ ሥር የተመታውን የሞተር ቁጥር አንብቡ፤ «ዲ» ብሎ ከጀመረ 1200፣ «ኤፍ» ከሆነ 1300፣ «ኤች» ከሆነ 1500 ነው። የዕቃውን ቁጥር ከካርቶኑ ላይ ሳይሆን ከራሱ ከብረቱ ላይ ፈልጉ። ለምሳሌ የፋብሪካው የዲስትሪቢዩተር ቁጥር መካከሉ ላይ 905 አለበት። ካርቶን ማንም ያትማል!

ሶማሌ ተራ በሐቅ የሚነግድ፣ ደረሰኝ የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። ደረሰኝ ስትጠይቁት ዋጋ የሚቀንስላችሁን ግን ሽሹት። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የተሰረቀ ዕቃ እያወቁ መግዛት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሕጉ ባይኖርስ? ነገ በእድር ድንኳን ከባለንብረቱ ጎን ስንቀመጥ በምን ዓይናችን እናያቸዋለን?

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1. ባለመኪና ሁሉ በካርቡራተሩና በዲስትሪቢዩተሩ ላይ የራሱን ምልክት ቀርጾ በማኅበሩ መዝገብ ያስመዝግብ።

2. በየቤቱ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ የቮልስ ዕቃ ያላችሁ አስታውቁ፤ በግልጽ እንሻሻጥ፣ እንለዋወጥ።

3. የእኒያን አባት ካርቡራተር ሳያውቅ የገዛ ካለ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ያስቀምጥልን። ማን አመጣው ብለን አንጠይቅም። መኪናዋ እንደ ቆመች ናት፤ እሳቸውም ክሊኒክ የሚሄዱት በእግራቸው ነው።

ተቀባይ ከሌለ ሌባ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል!

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር