ኢነርሺያ አይገፋም

ከጊንጆ ጉዱሩ ወደ ጅማ መርካቶ የምትጓዝ ባጃጅ በድንገት ስትቆም ተሳፋሪው ወደ ፊት ይንደረደራል። ምን እንደገፋው ብንጠይቅ ብዙው ተማሪ ሳያመነታ «ኢነርሺያ ነው» ይለናል። መልሱ ስሕተት ነው። ተሳፋሪውን ወደ ፊት የገፋው አንዳች ጉልበት የለም፤ ፍሬኑ የያዘው ባጃጇን ነው፣ እርሱ ግን በነበረበት ፍጥነት ቀጠለ። ኢነርሺያ የቁስ አካል ጠባይ እንጂ ጉልበት አይደለምና።

ስሕተቱ የቆየ ነው። ቃሉን ወደ ፊዚክስ ያስገባው ኬፕለር ሲሆን በላቲን «ስንፍና» ማለት ነው፤ ለእርሱም አካላት ወደ ዕረፍት የሚያዘነብሉበት ጠባይ ነበር። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ የሚንቀሳቀስ አካልም እንቅስቃሴውን በራሱ እንደማይለቅ ደነገገ። ተማሪዎቻችን ግን የኒውተንን ሕግ በቃላቸው ይዘው በኬፕለር ሐሳብ ይፈተናሉ።

ከጅማ ቡና ጭኖ በሴኮንድ 20 ሜትር ይጓዝ የነበረ መኪና በ4 ሴኮንድ ቆመ እንበል። ወለሉ ላይ ሳይታሰር የተቀመጠ 60 ኪሎ ግራም የቡና ጆንያ አብሮ እንዲቆም ወደ ኋላ የሚይዘው 300 ኒውተን ጉልበት ያስፈልገዋል። ክብደቱ 600 ኒውተን ያህል ነው፤ የወለሉ ሰበቃ ቢበዛ የዚህን 0.4 እጅ፣ ማለትም 240 ኒውተን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ጆንያው ወደ ፊት ይንሸራተታል። እስከዚህ ቀላል ነው። ጆንያው 120 ኪሎ ቢሆንስ? «ኢነርሺያው ስለጨመረ አይንሸራተትም» የሚል ምርጫ ቢቀርብ ብዙዎችን ያጠምዳል። የሚያስፈልገው 600 ኒውተን ሆነ፣ ሰበቃውም 480፤ ሁለቱም በእጥፍ ስላደጉ ጆንያው እንደ በፊቱ ይንሸራተታል።

በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሆኖም ያለፉ ፈተናዎችን መልስ መሸምደድ እንደ ዝግጅት መቆጠሩ አንዱ ነው ብለን እናምናለን። (ፊዚክሱን የምንማረው በእንግሊዝኛ፣ ባጃጅ ላይ የምንንገላታው ግን በኦሮምኛና በአማርኛ መሆኑም ሳይጎዳን አልቀረም።)

እኛ የምንመክረው ቀመር ከመጻፍ በፊት በአካሉ ላይ የሚያርፈውን ጉልበት ሁሉ በቀስት መሣልና ከእያንዳንዱ ቀስት ጎን የገፊውን ወይም የጎታቹን ስም መጻፍ ነው። ስም ያልተገኘለት ቀስት ይሰረዝ። ነገ ባጃጇ ወደ ግራ ስትታጠፍና ትከሻችሁ ከቀኙ ጠርዝ ጋር ሲላተም ይህንኑ ሥዕል ሣሉና ወደ ቀኝ የሚያመለክተው ቀስት ባለቤት ማን እንደሆነ ፈልጉ።