«ስልክህን ዝጋና ልጆችህን እቀፍ» ለሚሉን

ሰሞኑን በየቦታው የምሰማው ምክር አንድ ዓይነት ሆኗል። ዜና አትከታተል፣ ስልክህን ዝጋ፣ አገሩን ለባለቤቱ ተወው፣ ልጆችህን አቅፈህ ተኛ። ሰላም ያለው ከቤትህ ውስጥ ነው ይሉናል። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ክፋት የለባቸውም። እኔም አንዳንድ ማታ እንደዚያው አደርጋለሁ። የጦርነቱ፣ የእገታው፣ የኑሮ ውድነቱ ወሬ ተደራርቦ ደረት ላይ ሲቀመጥ የልጅ ሳቅ የሚሰጠውን እረፍት ሌላ ምንም ነገር አይሰጥም። ቅሬታዬ ምክሩ ግማሽ መሆኑ ላይ ነው። ሌላውን ግማሽ ያየሁት ደግሞ ብዙዎቻችን በድርቅና በግጭት ዜና ብቻ በምናውቃቸው የደቡብ ቆላ ከተሞች ነው። ነጌሌ ቦረና፣ ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ።

ለሥራ ወደዚያ በተመላለስኩባቸው ጊዜያት መጀመሪያ የገረመኝ ሰላምታው ነበር። ቦረናው «ነጋ» ብሎ ይጀምራል፤ ሰላም ማለት ነው። ከዚያ ይቀጥላል። ቤተሰቡ ሰላም ነው? ከብቱ ሰላም ነው? ሳሩስ? ውሃውስ? «እኛም ገጠር እንዲህ ነው የምንባባለው» ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። ልዩነቱ እዚያ ጥያቄው መልስ የሚጠበቅበት መሆኑ ነው። «ነጋ ቦረና»፣ የቦረና ሰላም የሚሉት ነገር አለ። በዚህ አስተሳሰብ አንድ ሰው ለብቻው ሰላም ሊሆን አይችልም። ባልና ሚስት ከተጣሉ፣ ወንድም ከወንድሙ ከተኳረፈ፣ ጉድለቱ የመንደሩ ሁሉ ነው። ልቡን ሳያጠራ ምርቃት ላይ የተቀመጠ ሰው ምርቃቱን ያበላሻል። ዝናቡ ሲቀር እንኳ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን ከማን ተጣልቷል?» ብለው ነው። በቅቤ የተጠበሰውን ሙሉ የቡና ፍሬ ይዘው ሲመርቁ ሰላም፣ ሰላም እያሉ የሚደጋግሙት ለዚህ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ባህል ነው ብዬ አልፈው ነበር። ግን ከቃሉ በስተጀርባ ጊደር አለች።

ቡሳ ጎኖፋን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ። ከብቱ በድርቅ ወይም በዘረፋ ያለቀበት ሰው ወደ ጎሳው ስብሰባ ይሄዳል። ሽማግሌዎች ጉዳዩን ይመረምራሉ። እንዴት አጣህ? ከብትህን በአግባቡ ትጠብቅ ነበር? ስንት ነፍስ አለብህ? ካመኑበት ከብት ያላቸው የጎሳው አባላት እንዲሰጡት ይወስናሉ። ምጽዋት አይደለም። ተቀባዩ አንገቱን አይደፋም፤ ሰጪውም ነገ በተራው ሊቀበል ይችላል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ደበሬ የሚሉት አለ። የምትታለብ ላም ለተቸገረ ዘመድ ወይም ወዳጅ ታውሰዋለህ፤ ወተቱ ለልጆቹ ይሆናል፣ ላሟና ጥጃዋ ግን ያንተ ናቸው። እንግዲህ እዚያ አገር የምትወዳቸው ሰዎች እረፍት የሚሰጡህ አቅፈውህ ብቻ አይደለም። ቢከፋህ ማን ምን እንደሚሰጥህ ታውቃለህ። የእንቅልፍህ ምክንያት ያ ነው። በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎችን ዕድሜ ልካቸውን የተከታተለ ጥናት አለ። ከግኝቶቹ ዋነኛው ጥሩ የሰው ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ጤናም ደስታም የተሻለ እንዳላቸው ነው። ቦረናው ይህን ቢሰማ የሚጠይቀው «ግንኙነቱ ስንት ከብት ነው?» ብሎ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ልግባ።

ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። ገናም ሀገያም፣ ትልቁም ትንሹም ዝናብ። በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ አለቀ። ዱብሉቅ ላይ ድርቅ ያፈናቀላቸው ሰዎች መጠለያ ተሠራ። ልብ በሉ፣ ዱብሉቅ ማለት ከቦረና ዝነኛ የቱላ ኤላዎች አንዱ ያለባት ቦታ ናት። እስከ 30 ሜትር በሚጠልቁት በእነዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ወንዶች መሰላል መስለው እየተደራረቡ፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ከብት ያጠጣሉ። ለብቻው ውሃ መቅዳት የሚችል ሰው የለም። ሀብታምም ቢሆን የሌላ ሰው እጅ ያስፈልገዋል። ውሃው አይሸጥም፤ ተራው ግን በጥብቅ ይጠበቃል።

እዚያ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ብዙ ከብት የነበራቸው ሰው ናቸው። «አባባ፣ ጎሳዎ አልረዳዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄዬ ሞኝነቱ የገባኝ መልሱን ስሰማ ነው። «ልጄ፣ እኔ ልሰጣቸው የሚገባኝ ሰዎች አጠገቤ ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ ሊሰጡኝ የሚገባቸውም እዚሁ ናቸው» አሉኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲወድቅ የሚያነሳ አይኖርም። የሰውዬው ሕመም ረሃቡ ብቻ አልነበረም። መስጠት አለመቻሉ ነበር። ቤተሰቡ በዙሪያው ነው፤ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ እየሳቁ ይሯሯጣሉ። እረፍት ግን አልነበረውም።

ስለዚህ «ሰላም ከቤትህ ውስጥ ነው» የሚለው ምክር ባለሥልጣን አፍ ውስጥ ሲገባ ያናድደኛል። በየመድረኩ «ሕዝባችን የመረዳዳት ባህል አለው» ይባላል። አለው። ክልሉም ቡሳ ጎኖፋ በሚል ስም መሥሪያ ቤት አቋቁሟል፤ ስሙን ከሕዝቡ መውሰዱ በራሱ ጥሩ ነው። ግን ስሙን የወሰደ ሥርዓቱንም መውሰድ አለበት። በሽማግሌዎቹ ጉባኤ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ ለምን ተቀበለ የሚለው በሕዝብ ፊት ይነገራል። ከ1997 ጀምሮ ያለው የሴፍቲኔት ፕሮግራምስ? ክፍያው ከብቱ ከሞተ በኋላ ቢደርስ ለማን ይጠቅማል? አርብቶ አደር አንዲት ጊደር ተርፋለት ካለፈ ቀስ በቀስ ሊነሳ ይችላል። ምንም ካልቀረለት ከተማ ዳር ከሰል ሻጭ ይሆናል። ያኔ ሊያበድር ሊሰጥ የነበረ አንድ ሰው ከገመዱ ላይ ተቆረጠ ማለት ነው። የዘመድ ፍቅር የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ያ ነገር ሲያልቅ ፍቅሩ ባይሞትም አቅም ያጣል።

ሌላም ጣጣ አለ፤ ይህኛው ለመናገር ይከብዳል። «የኔ ሰዎች» የሚባለው ክበብ እረፍት የሚሰጠውን ያህል ግድግዳም ይሆናል። በ2009 እና በ2010 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። የዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ወገን በገዛ ዘመዶቹ ተጽናና፣ በገዛ ዘመዶቹ ተጠለለ፣ የገዛ ዘመዶቹን ቁስል ብቻ ቆጠረ። ሁሉም ከወገኑ ጋር ነበር፤ አገሩ ግን ሰላም አልነበረም። በ2015 ደግሞ ነጌሌ የአዲሱ የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫ ትሁን ሲባል ተቃውሞ ተነሳ። ቦረናና ጉጂ ወንድማማቾች ናቸው፤ ቋንቋቸው አንድ፣ ገዳቸው ዝምድና ያለው። ቢሆንም ያን ሰሞን ከተማዋ ውስጥ ቡና ለመጠራራት ያመነቱ ጎረቤቶች እንደነበሩ የነገሩኝ ሰዎች አሉ። የዞን ካርታ ቤት ውስጥ ይገባል። በር ዘግተህ አታስቀረውም።

ሞያሌን እዩ። ከፊሏ በኦሮሚያ፣ ከፊሏ በሶማሌ ክልል ሥር፣ ከድንበሩ ማዶ ደግሞ የኬንያዋ ሞያሌ። በመጋቢት 2010 በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ኬንያ ሲሸሽ ብዙዎቹን የተቀበሏቸው ማዶ ያሉ ዘመዶቻቸውና ወዳጆቻቸው ናቸው። በከተማዋ ቦረና፣ ገሪ፣ ገብራ፣ ቡርጂ፣ አማራ፣ ጉራጌ አለ፤ የተጋባም ብዙ ነው። አባቷ ከአንዱ፣ እናቷ ከሌላው የሆነች አንዲት ሻይ ቤት ያላት ሴት «ግጭት ሲነሳ እኔ የምሸሽበት ዘመድ ሁለት ነው፤ የሚጠረጥረኝም ሁለት ነው» ብላኛለች። ሳቅ ብላ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ስለ ሰላም ከሰማኋቸው የስብሰባ ንግግሮች ሁሉ ይልቅ የእሷ አነጋገር ነው የቀረልኝ። እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ከእርቅ ኮሚቴ በፊት የሚጠየቁ፣ ቀድመው የሚጠበቁ መሆን ነበረባቸው። በተግባር ግን ሁከት ሲነሳ ሱቃቸው መጀመሪያ የሚዘረፈው የእነሱ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ነጌሌ በታሪካችን ውስጥ ስሟ የሚነሳው በጥር 1966 በዚያ ሰፍረው የነበሩ ወታደሮች ባነሱት አመፅ ነው። ምግባቸው መጥፎ ነበር፤ የውሃ ጉድጓዳቸው ሲበላሽ ደግሞ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። አብዮቱ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ግን መጀመሪያ ከተሰሙት ድምፆች አንዱ «ከዚህ ጉድጓድ አትቅዳ» በተባለ ሰው የወጣ ነው። ያውም ኤላ በዘፈን በሚቀዳበት አገር። መኮንኖቹም እኮ በየቤታቸው ሰላም ነበሩ።

እናም ዛሬ ማታ ስልካችሁን ብትዘጉ አልቃወምም። ልጆቻችሁንም እቀፉ። ግን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ቁጥር ደውሉ፤ ጥሪ ካልመጣ የማትደውሉለት፣ ከእናንተ ወገን ያልሆነ፣ ወይም ከሁለት ዓመት በፊት የተኳረፋችሁት ሰው ይሁን። በመጋቢት 2015 ዝናቡ ቦረና ላይ ሲወርድ ከዱብሉቅ መጠለያ ወደ ቀያቸው መመለስ የፈለጉ ብዙ ነበሩ፤ ሳሩ በቅሏል፣ የሚግጠው ግን አልነበረም። አዛውንቱ ያኔ የሚፈልጉት አምስት ፍየል ነበር። ሦስቱን ለራሳቸው፣ ሁለቱን ደግሞ አጠገባቸው ድንኳን ውስጥ ለነበረው ሰው።