በናይሮቢ ማታቱ ውስጥ ካርዱ ለምን ተሸነፈ?

የኬንያ መንግሥት፣ በማታቱ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ሒሳቡን በጥሬ ገንዘብ መክፈሉን ትቶ በኤሌክትሮኒክ ካርድ እንዲከፍል በማዘዝ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2014ን የመጀመሪያ ቀነ ገደብ አድርጎ ወስኖ ነበር። ማታቱ የሚባሉት በግል ባለንብረቶች የተያዙት፣ የናይሮቢን ሠራተኛ ጧት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚያመላልሱት ሚኒባሶችና አውቶቡሶች ናቸው። ቀነ ገደቡ ተራዘመ፤ ትእዛዙም በተግባር ሳይተረጎም ቀረ። ጉግል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከኢኩዊቲ ባንክ ጋር ተባብሮ በ2013 ያወጣው ቤባፔይ የተሰኘው የመሳፈሪያ ካርድም በ2015 ተዘጋ።

ነገሩን እንቆቅልሽ የሚያደርገው፣ ካርዱን የገፋው ይኸው ሕዝብ ገንዘብን በእጅ ስልክ በማስተላለፍ ረገድ በዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ መሆኑ ነው። ስለዚህ «ሕዝቡ ለአዲስ ነገር እንግዳ ነው» የሚለው የተለመደ ምክንያት እዚህ ላይ አያስኬድም።

መልሱ የሚገኘው በማታቱ የገቢ አከፋፈል ውስጥ ነው። ባለንብረቱ በቀን ሊገባለት የሚገባውን ገንዘብ ቆርጦ ይነግራል። ሹፌሩና ረዳቱ ያንን ካስረከቡና የነዳጁን ከከፈሉ በኋላ የሚተርፈው የእነርሱ ነው። ከዚሁም ላይ በየመንገዱ እጁን ለሚዘረጋው ፖሊስና በየፌርማታው ለሚያስከፍሉት ቡድኖች የሚወጣ አለ፤ ለዚህ ደግሞ ደረሰኝ የሚቆርጥ የለም። ዋጋውም ቢሆን እንደ ሰዓቱና እንደ አየሩ ይለዋወጣል፤ ዝናብ ሲጥል ይንራል። ካርዱ እያንዳንዷን ሽልንግ መዝግቦ በቀጥታ ወደ ባለንብረቱ ሒሳብ የሚያስገባ፣ ለግብር ሰብሳቢውም መንገድ የሚከፍት ነበር። እንግዲህ ማንበቢያ መሣሪያውን ይዞ እንዲያስከፍል የተጠየቀው ረዳቱ፣ መሣሪያው ቢሠራ ከሁሉ በፊት እንጀራውን የሚያጣው ሰው ነበር ማለት ነው። መሣሪያው ለምን ብዙ ጊዜ «ይበላሽ» እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ኤም-ፔሳ በተቃራኒው መንገድ መጣ። በ2005 በናይሮቢና በቲካ ለሙከራ ሲቀርብ ዓላማው ተበዳሪዎች አነስተኛ ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱ ነበር። ተበዳሪዎቹ ግን ገንዘቡን እርስ በርስ መላላክ ጀመሩ። ሳፋሪኮምና ሸሪኩ ቮዳፎን ይህንን አይተው፣ ማርች 2007 ላይ አገልግሎቱን ለሁሉም ሲከፍቱ ብድሩን ትተው፣ ከተሜው ለገጠር ዘመዱ ገንዘብ የሚልክበት አድርገው አቀረቡት። ገንዘብ የሚቀበለውና የሚከፍለው ባለ ሱቅ ኮሚሽን ያገኝበታል፤ ላኪው በአውቶቡስ ሰው በአደራ ከመስጠት ይድናል። ከዲሴምበር 2007ቱ ምርጫ በኋላ ብጥብጥ በተነሣ ጊዜም ከቤታቸው መውጣት ላልቻሉት የናይሮቢ ድኾች ዘመዶቻቸው የደረሱላቸው በዚሁ ነበር። አገልግሎቱን በእጁ የሚያስኬደው ሁሉ ተጠቃሚ ስለነበር አስገዳጅ ትእዛዝ አላስፈለገም።

ይህ ማለት ግን ስልኩ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። የአንድ አገር ሕዝብ የዕለት ግብይት በአብዛኛው በአንድ ኩባንያ በኩል ሲያልፍ የአገልግሎት ዋጋው የኑሮ ጉዳይ ይሆናል። በ2020 በኮቪድ ምክንያት እስከ 1,000 ሽልንግ ያለው ዝውውር ያለ ክፍያ እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ክፍያው ተመለሰ። በ2023 ደግሞ መንግሥት በዚሁ የአገልግሎት ክፍያ ላይ የሚጥለውን የኤክሳይዝ ታክስ ከ12 ወደ 15 በመቶ ከፍ አደረገ። ለትልቅ ነጋዴ ይህ ኢምንት ነው። ለጉልት ሻጭ ግን ከቀን ትርፏ ላይ የሚቀነስ ነው።

ዛሬ በብዙ ማታቱ ውስጥ ተሳፋሪው በስልክ ይከፍላል። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ የሚገባው ወደ ባለንብረቱ ሳይሆን ወደ ረዳቱ ወይም ወደ ሹፌሩ ቁጥር ነው። ጥሬ ገንዘቡ ከእጅ ቢጠፋም የቀን ሒሳቡ አከፋፈል እንደ ቀድሞው ነው።

በእኛም አገር ቴሌብር በሜይ 2021፣ ኤም-ፔሳም በኦገስት 2023 ሥራ ጀምረዋል። የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ባለንብረትም የቀን ገቢ ቆርጦ ለሹፌሩ መኪናውን መስጠቱ የታወቀ ልማድ ነው። ታክሲውን ከጥሬ ገንዘብ ለማላቀቅ የሚያቅድ ክፍል ቢኖር ስለ መሣሪያው ዓይነት ከመወሰኑ በፊት፣ ሹፌሩና ረዳቱ ከዕለቱ ገቢ ምን እንደሚተርፋቸው ቁጭ ብሎ ቢያሰላ ይሻላል።