ተያዥ መተማመንን አይተካም

በአገራችን በገንዘብ ያዥነት፣ በንብረት ጠባቂነት፣ በሽያጭ ወይም በሾፌርነት የሚቀጠር ሰው ፈተናውን አልፎ፣ ቃለ መጠይቁን ተወጥቶ፣ ስሙም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ እንኳ ሥራ አገኘሁ ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም። የሚቀረው ተያዥ አለና። ተያዡ ቋሚ ሥራ ያለው፣ ደመወዙም አሠሪው ከቆረጠው መጠን የማያንስ ሊሆን ይገባል፤ የደመወዙን ልክ የሚገልጽ፣ ለሌላ ሰው አለመዋሱንም የሚመሰክር ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲያመጣ ይጠየቃል። የሚገርመው ግን ይህንን ደብዳቤ ከሌላው አጥብቆ የሚጠይቀው ድርጅት ብዙውን ጊዜ ለገዛ ሠራተኞቹ አይጽፍም።

የልማዱን ክብደት የሚያውቀው ቅጹን ይዞ የዞረ ሰው ነው። በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች ወጣት ቅጹን በላስቲክ ማኅደር ይዛ ከአጎት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ ቀድሞ ጎረቤት ትመላለሳለች፤ የአንዱ ደመወዝ አይበቃም ይባላል፣ ሌላው ለእህቱ ልጅ ቀድሞ ፈርሟል፣ ሦስተኛው ከትናንት ጀምሮ ስልኩን አያነሳም። ስልኩን በማያነሳው ዘመድ ላይ መፍረድ ይከብዳል፤ እንዲፈርም የተጠየቀው በዓይኑ ላላየው ካዝናና ቁልፉን ላልያዘው መጋዘን ነውና። ከገጠር መጥታ በራሷ ጥረት የተማረች፣ በከተማው ዘመድ የሌላት ልጅማ የምትደውልለት እንኳ የላትም፤ ተወዳድራ ያሸነፈችውን ቦታ ለተጠባባቂው ትለቃለች። ብቃትን ሊመዝን የተሰናዳው ቅጥር በመጨረሻ የዘመድ ብዛት ሲመዝን ይገኛል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ዋስትና በግምት የሚገኝ ሳይሆን በግልጽ የሚሰጥ መሆኑን ደንግጎ፣ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል ዋጋ እንደማይኖረው አስቀምጧል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሥራ ውል ሊይዛቸው ይገባል ብሎ የጠቀሳቸው የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና ስሌት፣ የአከፋፈሉን ሁኔታና ጊዜ፣ የውሉንም ቆይታ ነው፤ ዋስ ከእነዚህ መካከል የለም። ልማዱ እንግዲህ ከሕጉ አልፎ ሄዷል።

የአሠሪዎች ስጋት መሠረት የለውም አንልም። ገንዘብ ጠፍቶ፣ መጋዘን ጎድሎ፣ ተሽከርካሪ ከነጭነቱ ተሰውሮ ያውቃል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት እስከ ዛሬ በፈገግታ በሚነገርበት አገር፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ሌላው ተረት የአስተዳደር መመሪያ ሆኖ ቢያገለግል ሊያስደንቀን አይገባም። መጠንቀቁን ማንም አይነቅፍም፤ የሚያነጋግረው የመጠንቀቂያው መንገድ ነው። ተያዥ ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ የሚፈለግ ሰው እንጂ ከመጥፋቱ በፊት የሚጠብቅ ዘበኛ አይደለም። ዕቃውን የሚረከበው፣ የሚመዘግበውና የሚቆጥረው አንድ ሰው በሆነበት መጋዘን ሦስት ተያዥ ቢጠራ ጉድለቱ አይቀርም፤ ሥራው ለተለያዩ ሰዎች ተከፋፍሎ፣ ቆጠራውም ባልታሰበ ቀን በሚደረግበት ቤት ግን ታማኙ ከሐሜት፣ ልቡ የሚዋልለውም ከፈተና ይጠበቃል። በሠራተኛ እምነት ማጉደል ለሚደርስ ኪሳራ የመድን ኩባንያዎች የሚሰጡት ሽፋንም አለ። የዚህ ሽፋን አረቦን ከድርጅቱ ካዝና ይወጣል፤ የተያዡን ሸክም ግን የሚሸከመው ከሥራው ምንም የማያተርፍ ዘመድ ነው። ሁለተኛውን መንገድ ርካሽ ስለሆነ ብቻ መምረጥን ጥንቃቄ ብለን ለመጥራት እንቸገራለን።

ይኸው መንፈስ ከቅጥሩ ቀን አልፎ በየዕለቱ ይቀጥላል። ማምሻውን በፋብሪካ በር ላይ የሚታየውን እናስታውስ፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሞ የዋለ ሠራተኛ ተሰልፎ፣ ኪሱን ገልብጦ፣ የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍቶ ለፈታሹ ያሳያል፤ ሽሮ የደረቀበት ሳህን ይታያል፣ ይዘጋል፣ ቀጣዩ ይጠራል። በዚያው ሰዓት የሥራ አስኪያጁ መኪና ጡሩምባ ሲያሰማ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ የኋላ ኮፈኑ ይከፈት የሚል የለም። ፍተሻው ሁሉንም ቢያዳርስ ሥርዓት በተባለ ነበር፤ አንዱን ወገን ብቻ ሲመለከት ግን ሌባው ማን ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ የተሰጠ ፍርድ ይሆናል፤ ተሰላፊውም ይህንን ፍርድ በየማታው እየሰማ ወደ ቤቱ ይገባል።

ዋስ መጥራት በባህላችን ነውር ሆኖ አያውቅም። እቁብ ራሱ ያለ ዋስ አይጸናም። ይሁን እንጂ የእቁቡን ዋስ አስተውሎ ለተመለከተ፣ ዋስ የሚጠራው ዕጣ የወጣለትና የሌሎችን ገንዘብ የጨበጠው ነው፤ ገና ዕጣው ያልደረሰው ይህ አይጠየቅም። ዕጣው በሁሉም ፊት ይወጣል፤ የከፈለውና ያልከፈለው በጸሐፊው መዝገብ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ዳኛውም የዳኝነት ጥቅሙ እንደተጠበቀ ሆኖ ሲያጎድል ይጠየቃል። መተማመኑን ያጸናው ይህ መተያየት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ዋስትና ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጓዛል፤ ሠራተኛው ለአሠሪው ዋስ ይጠራል፣ አሠሪው ለሠራተኛው አይጠራም።

ሠራተኛው በአሠሪው እጅ የሚያኖረው ነገር የለም ከተባለ ስህተት ነው። ወር ሙሉ ሠርቶ በወሩ መጨረሻ የሚከፈለው ሰው የሠላሳ ቀን ጉልበቱን ለአሠሪው አበድሯል፤ ያውም ያለ ተያዥ። ደመወዙ ሲዘገይ የቤት ኪራዩ አብሮ አይዘገይለትም። ሕግ አውጪው ይህንን ስለተገነዘበ አዋጁ ውሉ ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም አዝዟል፤ ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር የሚደርስ ደመወዝ እንዲከፍል ሊወሰንበት እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ ከደመወዙ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ገድቧል፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃም በነጻ እንዲሰጠው አሠሪውን አስገድዷል። ከእነዚህ ግዴታዎች ሁሉ ለመፈጸም የሚቀለው የመጨረሻው ነው፤ ሲጣስ ደግሞ የሰውን ኑሮ በማሰናከል የሚስተካከለው የለም። ሠራተኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ሲጠይቅ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል፤ በሳምንቱ ሲመለስ ክሊራንሱ በንብረት ክፍል አልተፈረመም ይባላል፤ በወሩ ሲመለስ ማኅተም የሚያደርገው ሰው ፈቃድ ወጥቷል። የሚጠብቀው አዲስ አሠሪ በበኩሉ ይህንን ሁሉ አይጠብቅም። ሕግ የሰጠውን ማስረጃ እንደ መያዣ የሚቆልፍ ድርጅት ስለ ሠራተኛ ታማኝነት የሚያሰማው ስሞታ ጆሮ ሊያገኝ አይገባም።

አለመተማመን ወጪ የለውም የሚል ካለ የፋብሪካዎቻችንን ልምድ ይመልከት። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት፣ ሥራውን ካገኙት ውስጥ ሢሶው ገደማ በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ መልቀቃቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ዘገባ ደግሞ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር እንደነበር ገልጿል። ሰው የሚለቀው በዋናነት ክፍያው አንሶት፣ ሥራውም ከብዶት መሆኑን አንክድም፤ መተማመን ለእንጀራ ምትክ ሆኖ የሚቀርብ ነገር አይደለም። ነገር ግን የለቀቀው ሠራተኛ ከመልቀቁ በፊት ጉዳዩን ለማን ይናገር ነበር? ቅሬታ አቅራቢው እንደ አመፀኛ በሚታይበት፣ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የተነሳውም በዓይነ ቁራኛ በሚጠበቅበት ሥፍራ ሰው በአፉ የማይናገረውን በእግሩ ይናገራል፤ ድርጅቱም በየጊዜው አዲስ ሠራተኛ ከዜሮ ሲያሠለጥን ይኖራል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ነገሩ የተለየ አይደለም። የሥራ ሂደት ለውጡ ቢፒአር መጣ፣ የውጤት መመዘኛው ቢኤስሲ ተከተለ፣ አንድ ለአምስት ተደራጁ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ደግሞ ከጃፓን የተቀዳው ትምህርት በየግድግዳው ተሰቀለ። ካይዘን የሚቆመው ማሽኑ አጠገብ የዋለው ሠራተኛ ጉድለቱን ሳይፈራ በማመልከቱ ላይ ነው። ለዓመታት ግምገማ በተባለ መድረክ ላይ ባልደረባው በሰው ፊት ሲብጠለጠል፣ አለቃውን የተቸም በማግስቱ ወደማይፈልገው ክፍል ሲዛወር ያየ ሰው ጉድለት አመልክት ቢባል አስተያየት የለኝም ብሎ ይቀመጣል። የግድግዳው ሠንጠረዥ በየሳምንቱ ይሞላል፤ ሥራው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ሠራተኛውንም ከተጠያቂነት አናወጣም። ጠዋት ፈርሞ፣ ኮቱን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቅሎ የግል ጉዳዩን ሊፈጽም የሚወጣ፣ ባለጉዳይ ሲመጣም «አለ፣ እዚሁ ነው፤ ኮቱም ይኸው» የሚባልለት ሰው ለአሻራ መፈረሚያው ማሽን መገዛት ከማንም በላይ አስተዋጽኦ አድርጓል። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ይዞ የተቀጠረና ሳይታመም የሕክምና ወረቀት የሚያቀርብም የሚያጎድለው የድርጅቱን ጥቅም ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ እውነተኛ ማስረጃ ይዞ ወይም በእርግጥ ታምሞ የሚመጣው ሁሉ በጥርጣሬ እንዲታይ ያደርጋል።

ይሁንና ኃላፊነቱ በሁለቱ ወገን እኩል ይከፈላል ብሎ ማለፍ ከእውነት መራቅ ይሆናል። ደመወዝ የሚቆርጠው፣ ሥራ የሚመድበው፣ የሚያሰናብተውና ማኅተሙን የያዘው አሠሪው ነው፤ ሥልጣን በእጁ ያለ ወገን መተማመንን አስቀድሞ የመጀመር ግዴታ አለበት። ስለዚህ የጋዜጣችን አቋም የማያሻማ ነው። ተያዥን የቅጥር ሁሉ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ሊቀር ይገባል፤ ገንዘብና ንብረት በቀጥታ ለሚጨብጡ የሥራ መደቦች ግድ ነው ከተባለም፣ መጠኑ በግልጽ የተጻፈ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ በመድን ሽፋን ሊተካ የሚችል መሆን አለበት። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎቹን ሲያሰማራ የተያዥ ቅጾችን እንደ ሌሎቹ ሰነዶች እንዲመረምር፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽኖችም ጉዳዩን በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ እንዲያቀርቡት እንጠይቃለን። የበር ላይ ፍተሻ የሚያስፈልግበት ድርጅት ካለ፣ ከሥራ አስኪያጁ መኪና ይጀምር።

መመሪያ እስኪወጣ የማይጠብቅ ሥራም አለ። በየመዝገብ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ፊርማና ማኅተም አጥተው የተቀመጡ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎች አሉ፤ ኃላፊዎች የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ በዚህ ሳምንት ፈርመው ለባለቤቶቻቸው ሊሰጧቸው ይገባል።